ባለጸጋ ቡድን የያዘ አሠልጣኝ በምን ይመዘናል?

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት በእግር ኳስ ሜዳ ላይም እንደሚሠራ የሚጠራጠር ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። ባለፈው ሰሞን ከሁለት ወዳጆቻችን ጋራ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ ተረት የመነጨ ነበር። አንደኛው ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛው ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እስኪያሳየን ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀር ስለ ነበር፣ አፋችንን ሥራ ላለማስፈታት ስለ አሠልጣኞች ማውራት ጀመርን።

«ያን ያህል ገንዘብ ይዘው እኔን ቢሾሙኝ እኔም ዋንጫ አመጣለሁ» አለ ተማሪው፤ «የሚጫወተው ገንዘቡ ነው እንጂ አሠልጣኙ ምን ያደርጋል?» የሒሳብ ሠራተኛው ግን ነገሩን በሌላ በኩል ይዞ፣ «እንዲያ ከሆነማ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ዋንጫ ያጣ አሠልጣኝ እንደ አጕዳይ ገንዘብ ያዥ ሊጠየቅ ይገባዋል» ሲል መለሰ። ጥቂት እንደ ተከራከሩም ሁለቱም ወደ እኛ ዞሩ። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ እኛም «አናውቅም» ማለቱን አፍረን በጽሑፍ እንመልሳለን ብለን ቃል ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል ዕዳ ነው።

የሁለቱ ወዳጆቻችን አነጋገር ተቃራኒ ይምሰል እንጂ መነሻው አንድ ነው። ሁለቱም የአሠልጣኙን ሥራ የሚለኩት በዋንጫ ነው። አንደኛው ዋንጫ ሲገኝ ምስጋናውን ለገንዘቡ ይሰጣል፤ ሌላው ዋንጫ ሲታጣ ወቀሳውን ለሰውዬው ይሰጣል። በዚህ ሚዛን የተመዘነ አሠልጣኝ ደግሞ ከቶ ሊያተርፍ አይችልም፤ ቢያሸንፍ «ገንዘቡ ነው»፣ ቢሸነፍ «እሱ ነው» ይባላልና።

በእርግጥ ገንዘብ ጕልበት የለውም የሚል የለም። ሳይመን ኩፐር የተባለው ጋዜጠኛና ስቴፋን ሺማንስኪ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዝን ቡድኖች የብዙ ዓመት ሒሳብ መርምረው እንዳሳዩት፣ አንድ ቡድን በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ የሚይዘው ደረጃ፣ በረጅም ጊዜ ሲታይ፣ በአብዛኛው ለተጫዋቾቹ ከሚከፍለው ደመወዝ ጋራ አብሮ ይሄዳል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምንጽፍ አንባቢ ልብ ይበልልን።) የሚገርመው ነገር ተጫዋቹ የተገዛበት ዋጋ የደመወዙን ያህል ደረጃውን አለመግለጹ ነው። እንግዲህ ሀብታሙ ቡድን ከሰንጠረዡ ራስ አጠገብ መገኘቱ የባለቤቱ ቦርሳ ሥራ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ለአሠልጣኙ የሚቀርለት፣ ቦርሳው ካስቀመጠው ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገው ያህል ብቻ ነው። እርሱን ነጥሎ ማየት ግን በንግግር እንደሚቀለው በሥራ አይቀልም። ስለዚህ አንድ ሰው መርጠን ሒሳቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብናየው ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ራኒዬሪ ነው።

ራኒዬሪ በሴፕቴምበር 2000 በምዕራብ ለንደን የሚገኘውን ቼልሲን ሲረከብ በአገሩ ናፖሊንና ፊዮረንቲናን፣ በስፔን ቫሌንሲያንና አትሌቲኮ ማድሪድን ያሠለጠነ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ገና አልተፈታም። ቼልሲ በዚያን ጊዜ ዛሬ ወጣቶች የሚያውቁት ባለጸጋ አልነበረም፤ ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ የተሸከመ ቡድን ነበር። ሰውየው ያረጁትን ተጫዋቾች ቀስ በቀስ አሰናብቶ በ2001 ፍራንክ ላምፓርድን ከዌስትሃም በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ዊሊያም ጋላስን ከማርሴይ አመጣ፤ ጆን ቴሪ የተባለውንም ከቡድኑ ጉያ የወጣ ልጅ በመደበኛነት አሰለፈው። ለላምፓርድ የተከፈለው ዋጋ በዛ ብለው ያሾፉ ነበሩ። ያ ልጅ በኋላ በቼልሲ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ግብ ያስቈጠረ ተጫዋች መሆኑን ስናስብ፣ ያሾፉት ሰዎች ዛሬ ምን ይሉ ይሆን?

በ2002 ከውድድሩ በፊት የቼልሲ ሣጥን ባዶ ስለ ነበር ራኒዬሪ በገንዘብ የገዛው ተጫዋች አልነበረም። የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ፣ ሜይ 11 ቀን 2003፣ ቼልሲና ሊቨርፑል አራተኛውን ቦታ ለመያዝ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ተገናኙ። አራተኛ የወጣው ወደ አውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ይገባል፤ አምስተኛው ይቀራል። ሊቨርፑል ቀድሞ አገባ፤ ቼልሲ ግን ሁለት መልሶ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ዓመቱንም በ67 ነጥብ ፈጸመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሮማን አብራሞቪች የተባለው የሩሲያ የነዳጅ ከበርቴ ቡድኑን ከነዕዳው በ140 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ገዛው። ከበርቴው ሊገዛ የፈለገው በሻምፒዮኖች ሊግ የሚጫወት ቡድን እንደ ነበረ ካሰብን፣ ያለ ገንዘብ የተገኘው ያ አራተኛነት ከኋላ ለመጣው ገንዘብ ሁሉ በር ከፋች ሆነ ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነው ግን፣ በሩን የከፈተው ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ እንግዳ መታየቱ ነው።

ገንዘቡ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። በአንድ የዝውውር ወቅት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። ደፍ፣ ቬሮን፣ ሙቱ፣ ክሬስፖ፣ ማኬሌሌ፣ ጆ ኮል፣ ጄሬሚ፣ ግሌን ጆንሰን፣ ዌይን ብሪጅ ተራ በተራ ገቡ፤ በጃንዋሪም ስኮት ፓርከር ተጨመረ። እዚህ ላይ ወዳጃችን ተማሪው «እኔም ዋንጫ አመጣለሁ» ያለውን እናስታውስ። ዐሥር ሰው በአንድ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር መጥቶ ከነባሮቹ ጋራ ሲደባለቅ፣ አሠልጣኙ የሚያገኘው ቡድን ሳይሆን ብዙ ሕዝብ ነው። ሜዳ የሚገባው ዐሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁሉ በትልቅ ዋጋ የተገዛ፣ በትልቅ ደመወዝ የሚኖር፣ በአገሩ እንደ ጀግና የሚታይ ሆኖ ሳለ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በድኻ ቡድን የአሠልጣኝ ጭንቀት «ማንን አሰልፋለሁ?» ነው፤ በባለጸጋው ግን «ማንን አስቀራለሁ?» ይሆናል። በእኛ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው የቀለለ አይደለም፤ ጨርሶ ሌላ ሥራ ነው።

ራኒዬሪ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሁሉንም በየተራው ማሰለፍ ነበር። ዛሬ ያሰለፈውን ነገ ያስቀምጣል፤ በዕረፍት ሰዓት አሰላለፉን ገልብጦ ይመለሳል። የእንግሊዝ ጋዜጦች ስለዚሁ «ቲንከርማን» የሚል ስም አወጡለት፤ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም መነካካት የማይተው ሰው እንደ ማለት ነው። እርሱም በስሙ ይስቅ ነበር እንጂ አይቈጣም ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቼልሲ ዓመቱን በ79 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ፈጸመ። በመጀመሪያ ሲታይ ሁለተኛነት ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ትንሽ ነው። አንደኛ የወጣው ግን ማን ነበር? በ38 ጨዋታ 26 አሸንፎ፣ 12 እኩል ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ 90 ነጥብ ያገኘው የአርሴን ቬንገር አርሰናል ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1999፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ዋንጫውን ያነሣው በዚሁ በ79 ነጥብ ነበር። እንግዲህ ያው ሥራ በአንዱ ዓመት ዋንጫ ያስገኛል፣ በሌላው ዓመት ከሥራ ያስወጣል ማለት ነው። ወጣት አንባቢዎቻችን በፈተና ጊዜ እንደሚያውቁት፣ 79 ያመጣ ተማሪ ከክፍሉ ስንተኛ እንደሚወጣ የሚወስነው የእርሱ ትጋት ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ማን እንደ ተቀመጠም ጭምር ነው።

ነገር ግን ለሰውየው ብቻ ጠበቃ እንዳንሆን፣ የሞናኮውን ሌሊት ሳናነሣ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

ቼልሲ በሻምፒዮኖች ሊግ ሩብ ፍጻሜ ላይ ለዓመታት አሸንፎት የማያውቀውን፣ በዚያው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ የረታውን አርሰናልን በራሱ በሃይበሪ ሜዳ 2 ለ 1 አሸንፎ ጣለው፤ ሁለተኛዋን ግብ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ዌይን ብሪጅ አገባት። ከዚያ ወዲያ በግማሽ ፍጻሜው የቀረበለት የፈረንሳይ ሊግ ቡድን የሆነው ሞናኮ ነበር። ሞናኮን የሚያሠለጥነው ቀድሞ ለቼልሲ የተጫወተው ዲዲዬ ዴሾ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2004 በሞናኮ ሜዳ ጨዋታው አንድ ለአንድ እንደ ሆነ፣ ከዕረፍት መልስ ጥቂት ቆይቶ ዚኮስ የተባለው የሞናኮ ተጫዋች በቀይ ካርድ ወጣ። ቼልሲ ዐሥራ አንድ፣ ሞናኮ ዐሥር። ከሜዳ ውጭ አንድ ግብ ያገባ ቡድን በዚህ ጊዜ ሊያደርገው የሚገባው፣ ኳሱን ይዞ ተጋጣሚውን ማድከም ነው።

ራኒዬሪ ግን ድሉን በዚያው ሌሊት ሊጨርሰው ፈለገ። አስቀድሞ በዕረፍት ሰዓት ግሮንካየርን አስወጥቶ ከጕዳት የተመለሰውን ቬሮንን አስገብቶ ነበር። አሁን ደግሞ ሜልኪዮትን፣ ተከላካዩን፣ አስወጥቶ አጥቂውን ሃሰልባይንክን አስገባ። ጥቂት እንደ ቈየም ፓርከርን አስወጥቶ ሮበርት ሁት የሚባለውን ወጣት ተከላካይ አስገባ። ማን በየት እንደሚቆም የጠፋበት ቡድን መሐሉ ተከፈተ። በ78ኛው ደቂቃ ሞሪየንቴስ፣ በ83ኛው ኖንዳ አገቡ፤ ዐሥሩ ዐሥራ አንዱን 3 ለ 1 ረቱ። ሞሪየንቴስ የሪያል ማድሪድ ንብረት ሆኖ ለሞናኮ በውሰት የተሰጠ ሰው ነበር። ሪያል ማድሪድም እርሱን አውሶ ከሩብ ፍጻሜው ያስወጣው ይኸው ሞናኮ ነው፤ የባለጸጎች ስሕተት አንዳንዴ እንዲህ ያስቃል። በመልሱ ጨዋታ ቼልሲ በለንደን 2 ለ 0 ሲመራ የማለፊያው መንገድ በእጁ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ገብቶበት ሁለት ለሁለት ወጣና ቀረ።

ያች ሌሊት የማን ናት? የአብራሞቪች አይደለችም፤ የገንዘቡም አይደለችም። የአሠልጣኙ ናት። ገንዘብ ቬሮንንና ሃሰልባይንክን ወንበር ላይ አስቀመጠለት፤ መቼ እንደሚያስነሣቸው መወሰን ግን የእርሱ ፈንታ ነበር። ምናልባት ወንበሩ ላይ ያን ያህል ሀብት ባያይ ኖሮ እጁን ሰብስቦ ይቀመጥ ነበር ይሆናል። የባለጸጋ ቤት ፈተና ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ሁሉ ከተደረደረበት ክፍል የተቀመጠ ሐኪም ላልታመመውም ሰው መርፌ መውጋት ያምረዋል።

ሆኖም ራኒዬሪ ከሥራ የወጣው ስለዚያች ሌሊት ብቻ ነው ብንል እውነቱን አንናገርም። ገንዘቡ ከገባ ጀምሮ በወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሊያስቀምጡ ይፈልጉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ስቬን ጎራን ኤሪክሰን ከቼልሲ ሰዎች ጋራ ሲገናኝ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በጋዜጣ ወጥቷል። ራኒዬሪ በዚያ ዓመት የሠራው በየሳምንቱ የመሰናበቻውን ወሬ በጋዜጣ እያነበበ ነው። በመጨረሻም በሜይ 31 ቀን 2004 ተሰናበተ። ከአምስት ቀን በፊት ሞናኮን በሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ 3 ለ 0 ያሸነፈው የፖርቶው አሠልጣኝ ጆዜ ሞሪኞ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሞሪኞ በመጀመሪያ ዓመቱ 95 ነጥብ አገኘ፤ አንድ ጨዋታ ብቻ ተሸነፈ፤ በዓመቱ ሁሉ የገባበት ግብ 15 ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ይኸው! ገንዘቡ የፈለገው ሰው ይህ ነበር» አለ። እኛም ግማሹን እንቀበላለን። በራኒዬሪ ዓመት የገባው ግብ 30 ነበር፤ እርሱን በአንድ ዓመት ወደ ግማሽ ማውረድ በገዛ እጅ የተሠራ ሥራ ነው። ግማሹን ግን አንቀበልም። እነ ቴሪ፣ ላምፓርድ፣ ጋላስ፣ ማኬሌሌ፣ ደፍ፣ ጆ ኮል፣ ጉድዮንሰን ሁሉም ሞሪኞ ሲመጣ በቤቱ የነበሩ ናቸው። ያን ያህል ግብ የከለከለው በረኛ ፒተር ቼክና ክንፈኛው አርየን ሮበን እንኳ ውላቸው ያለቀው ራኒዬሪ ገና በሥራ ላይ ሳለ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ለሞሪኞ ድሮግባ፣ ካርቫልዮና ፓውሎ ፌሬራ ተገዙለት። አንዱ መሠረት ቈፍሮ ግድግዳ ያቆመበትን ቤት ሌላው ጣራ መትቶ ቢመርቀው፣ በምርቃቱ ቀን መቀሱን የያዘው ብቻ ነው የሠራው ሊባል አይገባም።

ይህን ስንጽፍ የራሳችን ትንሽ ነገር ትዝ አለን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍሉን ከሥር መሠረቱ ያስተካከሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ተቈጣጣሪዎቹ ሊመጡ ሁለት ወር ሲቀር ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ተቈጣጣሪዎቹ መጥተው የመዝገቡን ጥራት ሲያደንቁ፣ ምስጋናው የተጻፈው በቦታው ላገኙት ሰው ነው። ያ ሰው እኛ ነበርን። ደብዳቤውን ተቀብለን ዝም አልን። ከጋሼ ጋራ በመተላለፊያው ላይ በተገናኘን ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታችን ትንሽ ያጥራል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የባለጸጋ ቡድን አሠልጣኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነፈገው ጊዜ ነው። በ2008 የአቡ ዳቢ ከበርቴዎች የገዙትን ማንቸስተር ሲቲን በ2016 የተረከበው ፔፕ ጋርዲዮላ በመጀመሪያ ዓመቱ ምን እንዳመጣ ወዳጆቻችንን ብንጠይቃቸው ሁለቱም ዘንግተውታል። ሦስተኛ ወጣ፤ ዋንጫ አልነበረውም፤ ነጥቡም 78 ነበር። ከራኒዬሪ በአንድ ያነሰ መሆኑ ነው። ቡድኑ ግን አላሰናበተውም፤ አዲስ በረኛና ሦስት የመስመር ተከላካዮች ገዛለት፤ በሚከተለውም ዓመት 100 ነጥብ አገኘ። ጋርዲዮላ ከባርሴሎና ይዞት የመጣው ዝና አለው፤ ራኒዬሪ ያን የመሰለ ዝና አልነበረውም፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ጋርዲዮላ በ78 ነጥብ ተሰናብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በየሻይ ቤቱ «ገንዘብ ተሰጥቶት ያልቻለ» እየተባለ ይነገርለት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ራኒዬሪም ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ተባለ። በየአገሩ ዞረ፤ በ2014 የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በሜዳው በፋሮ ደሴቶች 1 ለ 0 ተሸንፎ ተባረረ። በሐምሌ 2015 ሌስተር ሲቲ ሲቀጥረው የሣቀው ሰው ብዙ ነው። ሌስተር በፊተኛው ዓመት 14ኛ የወጣ ቡድን ነበር፤ አወራራጆች ለዋንጫ የሰጡት ግምት አምስት ሺሕ ለአንድ ነው። የተረፈውን አንባቢ ያውቀዋል። በ38 ጨዋታ ሦስት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ።

ነገሩን እንደ ተረት አድርገው የሚያወሩት ሰዎች የሚዘልሉት አንድ ነገር አለ። ያ «ቲንከርማን» የተባለው ሰው በዚያ ዓመት ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ባነሰ ቍጥር አሰላለፉን የለወጠ አሠልጣኝ ነበር። ሰውየው ጠባዩን ለወጠ? ምናልባት በዕድሜ ብዛት ተምሮ ይሆናል። እኛ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለናል፤ በሌስተር ወንበር ላይ ቬሮን አልተቀመጠም፤ ክሬስፖ አልተቀመጠም። የሚነካካው ስላልነበረው እጁ ዐረፈ። ከመሐል ተከላካዮቹ አንዱም፣ እንዲያው ለነገሩ፣ በሞናኮው ሌሊት ከወንበር ተነሥቶ የገባው ሮበርት ሁት ነበር። አሁን በየሳምንቱ ቦታውን ዐውቆ ይቆማል።

ነገር ግን ለቼልሲው ራኒዬሪ የተጠቀምንበትን ሚዛን በሌስተሩ ራኒዬሪ ላይ መለወጥ የለብንም። ጄሚ ቫርዲ በ2012 ከታችኛው ሊግ፣ ሪያድ ማህሬዝ በ2014 ከፈረንሳይ ሁለተኛ ክፍል ሲገዙ ራኒዬሪ በስፍራው አልነበረም፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ናይጅል ፒርሰን ነው ያሰለፋቸው። በዚያ ዓመት ከእርሱ ጋራ የመጣው ትልቁ ሰው ኤንጎሎ ካንቴ ነው። እንግዲህ በቼልሲ እርሱ የዘራውን ሌላው ዐጨደው፤ በሌስተር ደግሞ ሌላው የዘራውን እርሱ ዐጨደ። ባለጸጎቹም በዚያ ዓመት ሁሉም አንድ ላይ ታመሙ፤ ቼልሲ ዐሥረኛ ወጣ። ይህን ሁሉ ከቀነስን በኋላም ግን የሚቀር ነገር አለ። ደመወዙ ከቼልሲ ደመወዝ ግማሽ የማይሞላ ቡድን ያለ አሠልጣኝ ሻምፒዮን አይሆንም።

ዕድል ደግሞ ቀልደኛ ናት። በዲሴምበር 2015 ወደ ቼልሲ ተመልሶ የነበረው ሞሪኞ ከመሰናበቱ በፊት የመጨረሻውን ጨዋታ የተሸነፈው በሌስተር፣ በራኒዬሪ እጅ፣ 2 ለ 1 ነው። ሌስተር ሻምፒዮን መሆኑ የተረጋገጠውም ሜይ 2 ቀን 2016 ቶተንሃም በስታምፎርድ ብሪጅ ከቼልሲ ጋራ ሁለት ለሁለት ሲወጣ ነው። በዚያን ቀን ራኒዬሪ ወደ ሮም ሄዶ ከ96 ዓመት እናቱ ጋራ ምሳ በልቶ ተመለሰ። የመጨረሻው ጨዋታ እዚያው ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ነበርና፣ ሲገባ የቼልሲ ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡ። ዐሥር ወር ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2017፣ ሌስተርም አባረረው። ቡድኑ በሰንጠረዡ ግርጌ አጠገብ ወርዶ ነበር። ለካ ያለ ርኅራኄ የሚያሰናብቱት ባለጸጎች ብቻ አይደሉም።

ቼልሲም በ2022 ባለቤት ለውጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ብቻ ብዙ መቶ ሚሊዮን ፓውንድ አፈሰሱ፤ የተጫዋቹ ብዛት የልብስ መቀየሪያውን ክፍል አጨናነቀው እስኪባል ድረስ። ግራሃም ፖተር በሴፕቴምበር ተሾመ፤ በኤፕሪል 2023 ተሰናበተ፤ ቡድኑ ዓመቱን በ44 ነጥብ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህ ገንዘብ ስንት ዋንጫ ገዛ? ወዳጃችን ተማሪው በዚያን ጊዜ ተሹሞ ቢሆን ኖሮ ምን ያመጣ እንደ ነበር ለማየት በጣም እንመኝ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችን በፊት በዚያው ሻይ ቤት ለሁለቱ ወዳጆቻችን አነበብንላቸው። ተማሪው ዝም ብሎ ሰማ፤ ስለ ፖተር ሲነበብ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። የሒሳብ ሠራተኛው ብርጭቆውን እያዞረ፣

«መልካም ነው፤ ግን አንተ በአብራሞቪች ቦታ ብትሆን ሰውየውን ታቆየው ነበር?» አለን።

ጥያቄው አስጨነቀን። ሞሪኞ በር ላይ ቆሞ ሳለ ራኒዬሪን እናቆየው ነበር ብንል ዋሾ እንሆናለን።

«እናሰናብተው ነበር» አልን።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ገጽ ምን አስጻፈህ?»

«በመሰናበቻው ደብዳቤ ላይ የሚጻፈውን ለመለወጥ ነዋ!»

ወዳጃችን ሣቀና፣ «የሻዩን ሒሳብ ዛሬ አንተ ክፈል» አለ። ሦስት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ ነበር፤ አንደኛውን ቦምቦሊኖ ማን እንደ በላው ገና ስንከራከር ጨዋታው ተጀመረ።